የብስክሌት ጎማ ማውለቅ፣ መግጠምና መቆለፍ፦ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው

የፊት ጥርሴ ጫፉ ጎደሎ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ "በልጅነቴ ነው" ብዬ አልፋለሁ። ውሸቴን ነው። ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ብስክሌቴን በገዛ እጄ ጠግኜ፣ በኩራት ስነዳ ነው የተሰበረው።

የፊት ጎማዬ ተንፍሶ ነበር። አወለቅሁት፣ የውስጥ ጎማውን ለጠፍሁት፣ መልሼ ገጠምሁት። የፊት ጎማዬ በመፍቻ ሳይሆን በእጅ በሚከፈት ማንሻ ነው የሚያዘው። ማንሻውን እንደ ቧንቧ እጀታ አዞርሁት፣ አዞርሁት፣ ጠንከር ሲልብኝ ተውሁት። ሦስት ቀን ምንም አልሆነም። በአራተኛው ቀን እዚህ ጎንደር ከጎሃ ኮረብታ በኩል ስወርድ ቦይ ለመሻገር መሪውን ሳብ አድርጌ የፊቱን አነሳሁ። ብስክሌቱ ተነሳ። ጎማው ግን አብሮ አልተነሳም። ራሱን ችሎ ቁልቁል ሄደ።

የተጣመመውን ሹካ፣ ማለትም የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የሚይዘውን ባለ ሁለት እግር ብረት፣ ይዤ አራዳ አካባቢ ያሉ አንድ አዛውንት ጠጋኝ ዘንድ ሄድሁ። "ጋሼ፣ አጥብቄው ነበር እኮ" አልኋቸው። ሳቁብኝ። "አጥብቀኸዋል። አልቆለፍኸውም" አሉኝ።

ከዚህ በታች ካለው ግማሹ እሳቸው በዚያ ቀን ያሳዩኝ ነው። የቀረውን በራሴና በሰፈር ልጆች ብስክሌት ላይ ነው የተማርሁት። ባህር ዳር ብሆን ኖሮ ምናልባት ይህን ያህል አልጨነቅም ነበር፤ ከተማው ሜዳ ነው። ጎንደር ግን ከፒያሳ ወደ አዘዞ ስትወርዱ ብዙውን መንገድ ፔዳል የምትረግጡት ለወጉ ያህል ነው። በመሃል ኮብልስቶን አለ፣ ጉድጓድ አለ፣ መሃል መንገድ ላይ ድንገት የሚቆም ባጃጅ አለ። በደንብ ያልተቀመጠ ጎማ እዚህ ከተማ ተደብቆ አይከርምም።

ጎማችሁ በምን ተይዟል?

ጎማ ስል የላስቲኩን ብቻ አይደለም፤ ከነቸርኬው፣ ከነሽቦው ሙሉውን ማለቴ ነው። ይህ ሙሉ ጎማ ከብስክሌቱ ጋር የሚያያዘው ከሦስት በአንዱ መንገድ ነው።

አንደኛው ዳዶ ነው። በጎማው መሃል የሚያልፈው ዘንግ፣ ማለትም ፔርኖው፣ ግራና ቀኝ ጫፉ ጥርስ አለው። በሁለት ዳዶ ይታሰራል። በከተማችን የማየው አብዛኛው ብስክሌት እንዲህ ነው። የኋላው ብዙ ጊዜ 15 ቁጥር መፍቻ ይፈልጋል። የፊቱ 14 ወይም 15 ይሆናል። ሁለቱንም ቁጥር መያዝ ነው፣ ሌላ መላ የለውም።

ሁለተኛው ማንሻ ያለው ነው። ክዊክ ሪሊዝ ይሉታል። ፔርኖው ውስጡ ክፍት ነው፤ በዚያ ውስጥ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ቀጭን ዘንግ ያልፋል። የዘንጉ አንድ ጫፍ ማንሻ፣ ሌላው ጫፍ ትንሽ ዳዶ አለው። የኔን ጥርስ የበላው ይህ ነው።

ሦስተኛው ወፍራም ዘንግ ነው፤ 12 ወይም 15 ሚሊ ሜትር። እዚህ ላይ የሹካው ጫፍ ስንጥቅ ሳይሆን ሙሉ ቀዳዳ ነው። ዘንጉ ተፈቶ ካልወጣ ጎማው የትም አይሄድም። አዳዲስ የተራራ ብስክሌቶች ላይ ነው የሚገኘው። አያያዙም ቀላል ስለሆነ እዚሁ ልጨርሰው። ዘንጉን ጠርጉት፣ ስስ ግሪስ ቀቡት፣ በእጃችሁ ጀምራችሁ አስገቡት። ገና ሲጀምር ከከበደ ጥርሱ ተጣሟልና አውጥታችሁ እንደገና ጀምሩ። ማጥበቂያው ልክ ብዙ ጊዜ ዘንጉ ላይ ተጽፏል።

ወደ ማንሻው ልመለስ። ፈጠራው የጣሊያን ነው። ቱሊዮ ካምፓኞሎ የሚባል የብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር። በእሱ ዘመን የውድድር ብስክሌት ጎማ የሚታሰረው በቢራቢሮ ዳዶ ነው፤ ክንፍ ያለው፣ በጣት የሚዞር። በ1927 (እ.ኤ.አ.) በረዶ ላይ ሲወዳደር እጁ ደንዝዞ ዳዶው አልፈታ አለው ይባላል። ማንሻውን ያወጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ሰውዬው ከቢራቢሮ ዳዶ ለመገላገል የሠራውን ዕቃ እኛ መልሰን እንደ ቢራቢሮ ዳዶ እናሽከረክረዋለን። በነገራችን ላይ በብስክሌት ሥራ አፋችን ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፦ ፍሬን፣ ካቴና፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ጎሚስታ። ጣሊያን ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። ቃሉ ግን ጎሚስታ ቤት ቀርቷል።

ከመፍታታችሁ በፊት

ልክ የሆነ መፍቻ ያዙ። ፒንሳ ተዉ። ፒንሳ ዳዶን ያሟልጫል፤ የተሟለጨ ዳዶ ደግሞ በቀጣዩ ጊዜ መንገድ ላይ ያስቀራችኋል። የዛገ ከሆነ ዘይት ጠብ አድርጉበትና ይደር። ጠዋት በቀላሉ ይፈታል። ከመፍቻው ሌላ ጨርቅ፣ ትንሽ ግሪስና አንድ ካርቶን ይበቃል።

ካቴናው፣ ማለትም ፔዳሉን ከኋላ ጎማ ጋር የሚያገናኘው ሰንሰለት፣ በማርሽ የሚሠራ ከሆነና የምታወልቁት የኋላውን ከሆነ፣ ፔዳሉን እያዞራችሁ ካቴናውን ትንሿ ጥርስ፣ ማለትም ከኋላ ካሉት ባለ ጥርስ ክብ ብረቶች ትንሿ፣ ላይ አውርዱት። ትንሿ ከሁሉም በስተውጭ ያለችው ናት። ይህን ሳያደርጉ ጎማ የሚያወልቁ ሰዎች ናቸው እጃቸው እስከ ክርናቸው ጠቁሮ የሚታዩት።

ቀጥሎ ፍሬኑ። ቸርኬውን ግራና ቀኝ በላስቲክ የሚይዝ ፍሬን ካላችሁ፣ የተነፋ ጎማ በላስቲኮቹ መሃል አያልፍም። ሁለቱን የፍሬን ክንዶች በአንድ እጅ ጨመቅ አድርጉና የታጠፈችውን የብረት ቱቦ ከመያዣዋ አውጧት። ክንዶቹ ይከፈታሉ። ቀጫጭን ጎማ ያላቸው ብስክሌቶች ላይ ደግሞ ፍሬኑ ጎን ትንሽ መክፈቻ አለች፤ ወደ ላይ ማንሳት ብቻ ነው። ሁለቱም ከሌሉ ጎማውን ትንሽ ማስተንፈስ ይቻላል።

ዲስክ ፍሬን፣ ማለትም ጎማው መሃል ላይ ያለ ስስ ክብ ብረት ጨብጦ የሚያቆም፣ ከሆነ የሚፈታ ነገር የለም። ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ዲስኩን በእጃችሁ አትንኩት፦ የእጅ ቅባት ፍሬኑን ያዳክመዋል፣ ከቁልቁለት በኋላ ደግሞ ቆዳ የሚያቃጥል ትኩሳት አለው። ጎማው ወጥቶ ሳለ የፍሬኑን መያዣ እንዳትጨብጡ። በዘይት ኃይል የሚሠራ ከሆነ ዲስኩን የሚጨብጡት ሁለቱ ሸራዎች ይጋጠሙና ዲስኩ መልሶ አልገባ ይላል። ካርቶኗን አጥፋችሁ በሸራዎቹ መሃል ሰክታችሁ ተዉት። ልጆች ካሉ በተለይ። ቤት ውስጥ የተቀመጠ ብስክሌት መሪ ሳይጨብጥ የሚያልፍ ልጅ እስካሁን አላየሁም።

አንዳንድ ብስክሌት ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ ነው የሚቆመው። ያ ፍሬን ያለው የኋላው ጎማ መሃል ውስጥ ነው። በግራ በኩል ከጎማው ወጥታ በትንሽ ቡሎን ከፍሬሙ ጋር የታሰረች ጠፍጣፋ ብረት አለች። ጎማውን ስታወልቁ እሷንም ፍቱ። ስትገጥሙ እሷን ከረሳችሁ ግን የመጀመሪያው ፍሬን ላይ ብረቷ ትዞራለች፤ ፔርኖውንም ይዛ ትዞራለች። ፍሬንም የለም፣ ጎማም የለም።

ማውለቅ

ከፊቱ ጀምሩ፣ እጃችሁን ያለማምዳል። ዳዶ ከሆነ ሁለቱንም ወደ ግራ አዙራችሁ አላሉ። አውጥታችሁ አትጣሉ፤ ሹካው እስኪለቅ ብቻ። በዳዶው ሥር የሚገቡትን ጠፍጣፋ ቀለበቶች፣ የሮንዴላዎቹን፣ ቅደም ተከተል በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ብዙ ብስክሌት ላይ ጫፏ ታጥፋ ሹካው ላይ ባለች ቀዳዳ የምትገባ ሮንዴላ አለች። ትርፍ ዕቃ እንዳትመስላችሁ። ዳዶው ቢላላ እንኳ ጎማው ወዲያው እንዳይወድቅ የምትይዘው እሷ ናት።

ማንሻ ከሆነ በአንድ ጊዜ ገልብጡት፤ ይከፈታል። ከዚያ በሌላው ወገን ያለውን ዳዶ ያዙና ማንሻውን ጥቂት ዙር ወደ ግራ አዙሩ። ለምን ካላችሁ፣ በሹካው ጫፍ ላይ ትንንሽ ጠርዞች ተሠርተዋል። ማንሻው ተከፍቶም ጎማው እንዳይወድቅ ነው የተሠሩት። እነሱን ለማለፍ ትንሽ መላላት አለበት። አንዳንድ ጠጋኝ እነዚህን ጠርዞች "ያስቸግራሉ" ብሎ በሞረድ ይልጋቸዋል። እባካችሁ አታስልጓቸው።

አሁን መሪውን ወደ ላይ አንሱ፤ ጎማው መሬት ላይ ይቀራል።

የኋላው ጎማ ሰው የሚፈራው በካቴናው ምክንያት ነው። ማርሽ ያለው ላይ ከኋላ ቁሙ። በቀኝ እጃችሁ ካቴናውን አንጠልጥሎ የያዘውን ክንድ ወደ ኋላ ሳብ አድርጉት፣ በግራ እጃችሁ ብስክሌቱን ከኮርቻው በኩል አንሱት። ጎማው በራሱ ክብደት ይወርዳል። ካልወረደ ከላይ በመዳፋችሁ መታ አድርጉት።

ማርሽ የሌለው ላይ ፔርኖው የሚገባበት የፍሬሙ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ አግድም ነው። ዳዶዎቹን አላሉና መጀመሪያ ጎማውን ወደ ፊት ግፉት። ካቴናው ይላላል። ከጥርሱ ላይ አንስታችሁ ወደ ጎን አድርጉትና ጎማውን ስንጥቁ በተከፈተበት በኩል ሳቡት። የጭቃ መከላከያው ካስቸገረ ትንሽ አየር ልቀቁ።

ብስክሌቱን ገልብጦ በኮርቻና በመሪው ማቆም ይቻላል? ይቻላል፣ ሁላችንም እናደርገዋለን። ካርቶኗን ከሥር አንጥፉ። ፍሬኑ በዘይት የሚሠራ ከሆነ ግን ለረጅም ጊዜ አታቆዩት፤ አየር ወደ መስመሩ ሊገባ ይችላል። ቀጥ ስታደርጉት የፍሬኑን መያዣ ደጋግማችሁ ጨብጡና ጠንከር ማለቱን እዩ።

መግጠም፦ ሥራው እዚህ ላይ ነው

ማውለቅ ማንም ያወልቃል። የተሳሳተ አወላለቅ ቢበዛ እጅ ያቆሽሻል። የተሳሳተ አገጣጠም ግን የሚታወቀው ከሁለት ቀን በኋላ፣ በፍጥነት ላይ፣ በማይሆን ቦታ ነው።

ፔርኖው የሚነካቸውን ቦታዎች በጨርቅ ጥረጉ። አፈርና የድሮ ቀለም ቅርፊት በመሃል ከቀረ ዛሬ የጠበቀው ነገ ይላላል። የጎማው ላስቲክ ጎን ላይ ቀስት ካለ፣ ቀስቱ ወደ ፊት የሚዞርበትን አቅጣጫ ነው የሚያሳየው። ማንሻው በተለምዶ በግራ ወገን ይሆናል፣ ማለትም ካቴናው በሌለበት በኩል። በቀጭኑ ዘንግ ላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ስፕሪንጎች ጠባብ ጫፋቸው ወደ ጎማው፣ ሰፊው ወደ ውጭ። ተገልብጠው ከገቡ መሃል ላይ ይጨመቁና ጎማው በደንብ የታሰረ ያስመስላሉ።

አሁን የአዛውንቱ የመጀመሪያ ትምህርት። ብስክሌቱ ተገልብጦ ሳለ ጎማ አስገብታችሁ ሊሆን ይችላል። ችግር የለም። ግን ከማጥበቃችሁ በፊት ቀጥ አድርጋችሁ መሬት ላይ አቁሙት። ማንሻው ወይም ዳዶው ላላ ብሎ ሳለ መሪውን በሁለት እጃችሁ ወደ ታች ጫን በሉት። የብስክሌቱ ክብደት ራሱ ፔርኖውን እስከ ስንጥቁ መጨረሻ ያስገባዋል። ተገልብጦ የተጠበቀ ጎማ በአንድ ወገን ሁለት ሚሊ ሜትር ሊጎድል ይችላል። ያቺን ሁለት ሚሊ ሜትር የፒያሳ ኮብልስቶን ይጨርሳታል፤ ጎማው ወደ ቦታው ሲወርድ ማጥበቂያው ይላላል።

ሁለተኛው ትምህርታቸው ማንሻው ነው። ማንሻው ውስጥ ክብነቱ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ብረት አለ። ማንሻውን ስትዘጉ ያ ብረት ቀጭኑን ዘንግ ይስበዋል፤ የሹካው ሁለት እግሮች ከግራና ከቀኝ ይጨመቃሉ። የሚይዘው ማዞሩ ሳይሆን መዝጋቱ ነው። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ።

ማንሻውን ሙሉ በሙሉ ክፈቱት። ክፍት መሆኑን የምታውቁት ወደ ውጭ ሲቀለበስ ነው፤ ብዙዎቹ ላይ በእንግሊዝኛ "ኦፕን" ተጽፎ ይታያችኋል። ማንሻውን በአንድ እጅ ያዙትና በሌላው ወገን ያለችውን ዳዶ በጣታችሁ ወደ ቀኝ አጥብቁ። አሁን ማንሻውን ቀስ ብላችሁ መዝጋት ጀምሩ። ግማሽ መንገድ ሲደርስ፣ ማለትም ከጎማው ቀጥ ብሎ ወደ ውጭ ሲያመለክት፣ መክበድ መጀመር አለበት። ከዚያ በኋላ ያለው ግማሽ በመዳፍ ተገፍቶ ነው የሚዘጋው። ጣቶቻችሁን የሹካው እግር ላይ አያይዛችሁ በመዳፋችሁ ግፉት።

መዳፋችሁን እዩት። የማንሻው ምልክት ለአፍታ ከቀረበት ልክ ነው። አዛውንቱ "ማኅተሙን አሳየኝ" ነበር የሚሉኝ። እጄን እንደ ተማሪ ዘርግቼ አሳያቸው ነበር።

ያለምንም ድካም ከተዘጋ ላልቷል። መልሳችሁ ክፈቱት፣ ዳዶዋን ሩብ ዙር ጨምሩ፣ እንደገና ሞክሩ። በጭራሽ አልዘጋ ካለ በዝቷል፤ ሩብ ዙር ቀንሱ። በመዶሻ ወይም በድንጋይ መትቶ መዝጋት የለም። ያንን ሰው ሲያደርግ አይቻለሁ። ዘንጉ ውስጥ ለውስጥ ይሰነጠቃል፣ ከውጭ አይታይም።

ሲዘጋ ማንሻው ወደ ላይ ወይም ወደ ኋላ ቢያመለክት ይሻላል፤ ወደ ፊት ከወጣ ነገር ይጠልፈዋል። ዲስክ ፍሬን ካላችሁ ማንሻው በምንም መንገድ ዲስኩን መንካት የማይችል መሆኑን አረጋግጡ። ይህ የኔ ብቻ ፍርሃት አይደለም። በ2015 (እ.ኤ.አ.) አንድ ትልቅ የአሜሪካ አምራች ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ብስክሌት መልሶ የጠራው፣ ተከፍቶ የቀረ ማንሻ የፊት ዲስኩ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል ነው። የሚዞር ዲስክ ውስጥ ብረት ሲገባ ጎማው ባለበት ይቆማል። ነጂው አይቆምም።

ዲስክ ሌላም ጠባይ አለው። ፍሬኑ ያለው ከሹካው እግር በስተኋላ ነው። ስትይዙት ኃይሉ ፔርኖውን ወደ ታች፣ ከስንጥቁ ወደሚወጣበት ይገፋዋል። በሜዳ አንዴ ሁለቴ ነው። ወደ አዘዞ ስትወርዱ ግን መንገዱን ሙሉ ፍሬን እንደያዛችሁ ነው። ዲስክ ያለው ሰው ማንሻውን ከሌላው ይበልጥ ማየት አለበት።

ዳዶ የሆነ እንደሆነ

ሕጉ ያው ነው፤ መጀመሪያ ቦታው ማስቀመጥ፣ ከዚያ ማጥበቅ። ታጣፊዋን ሮንዴላ ቀዳዳዋ ውስጥ አስገቡ። ሮንዴላው አንድ ፊቱ ሻካራ ከሆነ ሻካራው ወደ ሹካው ነው። ዳዶዎቹን በእጅ አስጀምሩ። ከዚያ አንዱን ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ፣ እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ጎማውን ወደ ጎን ይስበዋል።

ምን ያህል ይጥበቅ? ብዙውን ጊዜ የሚባለው ከ30 እስከ 45 ኒውተን ሜትር ነው። መለኪያ ያለው መፍቻ ያለን ጥቂቶች ነን፤ እኔም የለኝም። እንዲህ ገምቱት። 20 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም መፍቻ አግድም ያዙ። ጫፉ ላይ አንድ ሙሉ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ውኃ ቢንጠለጠል የሚጫነውን ያህል ስትጫኑት ወደ 40 ይሆናል። ጀሪካን ያልተሸከመ የጎንደር ሰው የለም፤ ክንዳችሁ ያውቀዋል። መፍቻ ላይ ቧንቧ አስረዝሞ በእግር መቆም ግን ጥርሱን ይበላል።

ማርሽ የሌለው የኋላ ጎማ ላይ ካቴናውም የሚወጠረው በዚሁ ጊዜ ነው። ካቴናውን ጥርሱ ላይ መልሱ፣ ጎማውን ወደ ኋላ ሳቡ፣ የቀኙን ዳዶ በከፊል አጥብቁ። ጎማውን በእጃችሁ ወደ ግራና ቀኝ ገፋ እያደረጋችሁ በፍሬሙ ሁለት ክንዶች መሃል እኩል አድርጉት። ከዚያ የግራውን። ካቴናው መሃሉ ላይ በጣት ሲነካ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ከፍ ዝቅ ይበል። ከዚያ በላይ ከላላ ይወልቃል። እንደ ክራር ክር ከተወጠረ ደግሞ ጎማው መሃል ያለውን ማዞሪያ፣ ኩሽኔታውን፣ ይበላል፣ ፔዳሉም ይከብዳል። ወደ ጎሃ ዳገት ስትወጡ ያቺ ክብደት ትታወቃለች።

ማርሽ ያለው ላይ ካቴናውን አንጠልጥሎ የያዘውን ክንድ ወደ ኋላ ሳቡት፣ የላይኛው የካቴና መስመር ትንሿ ጥርስ ላይ እንዲያርፍ አድርጉ፣ ጎማውን አስገቡ። ሁለቱ የካቴና መስመሮች መሃል ነው ጥርሱ የሚገባው። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ትሳሳታላችሁ። ምንም አይደለም።

ሳትወጡ በፊት

ፍሬኑን መልሱ። ይህን ብቻውን አንድ መስመር ብሰጠው ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ጎማ አጥብቆ ፍሬን ክፍት አድርጎ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው። የብረት ቱቦዋ መያዣዋ ውስጥ ትግባ፣ የፍሬኑን መያዣ ሦስት ጊዜ ጨብጡ።

የፊቱን ከመሬት አንሱና ጎማውን ከላይ ወደ ታች በቡጢ ሁለት ጊዜ ምቱት። ካልተንቀሳቀሰ ተቀምጧል። አሽከርክሩት። አንዱን የፍሬን ላስቲክ ብቻ እየነካ ከሆነ ፍሬኑን ለማስተካከል አትቸኩሉ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጎማው አቀማመጥ ነው። አላልታችሁ፣ ጫን ብላችሁ፣ እንደገና አጥብቁ። ከዚያም ካልተስተካከለ ቸርኬው ተጣሟል ማለት ነው፣ እሱ ሌላ ሥራ ነው። ጎማውን ወደ ጎን ስትነቀንቁት ከመሃሉ ቀጭ ቀጭ ካለ ችግሩ ኩሽኔታው ነው። ዳዶ በማጥበቅ አይድንም።

የመጀመሪያውን ሙከራ ሜዳ ላይ አድርጉ። የጊቢያችሁ በር ቁልቁለት ላይ ከሆነ፣ እንደ እኔው ማለት ነው፣ እየገፋችሁ ሜዳ ድረስ ሂዱ። ዳዶውን ደግሞ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ አንዴ ፈትሹት። ኮብልስቶን ላይ ከተነዳ ሩብ ዙር የሚቀበል አይጠፋም።

ባጃጅና አውቶብስ

አዘዞ ላይ ጎማ ቢተነፍስባችሁ በባጃጅ መመለስ ይቻላል። ዋጋውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ እንጂ የፊት ጎማው ከወለቀ ብስክሌቱ ከኋላ ወንበር ላይ ይገባል። ቀጭኑን ዘንግ ወይም ዳዶዎቹን ወዲያው ጎማው ላይ መልሳችሁ አስሩ። ኪስ ውስጥ የገባ ስፕሪንግ ተመልሶ አይገኝም።

ወደ ባህር ዳር በአውቶብስ ጣሪያ የሚሄድ ከሆነ ሁለቱንም ጎማ ብታወልቁ፣ ባዶው ሹካ እንዳይጨመቅ በመሃሉ እንጨት አድርጉ። ለፊቱ 10 ሴንቲ ሜትር እንጨት ይበቃል። ለኋላው ብዙ የተራራ ብስክሌት ላይ 13 ተኩል ነው። ረዳቱ ገመዱን በፍሬሙ እንጂ በሹካው እንዳያስር ከታች ሆናችሁ ጩኹ። ጣሪያ ላይ ያለ ረዳት በሹክሹክታ አይሰማም።

ሌባውን በተመለከተ

ማንሻ ለእናንተ ከቀለለ ለሌባም ቀሏል። የፊት ጎማን ብቻ ከብረት ጋር ቆልፎ መሄድ ትልቁ ስህተት ነው። ሌባው ማንሻውን ይከፍታል፣ ብስክሌቱን ይወስዳል፣ ጎማችሁንና ጓጉንቸራችሁን በክብር ትቶላችሁ ይሄዳል።

ሰንሰለቱ በፍሬሙም በኋላ ጎማውም ውስጥ ይለፍ፤ ከዚያ ከማይነቀል ብረት ጋር። የኋላው ጎማ ከነጥርሱ ስለሆነ ውዱ እሱ ነው። አንድ ሰንሰለት ብቻ ካላችሁና ረጅም ሰዓት የምትቆዩ ከሆነ፣ የፊቱን አውልቃችሁ ከኋላው ጎን አቁሙና ሦስቱንም አንድ ላይ እሰሯቸው። ሰንሰለቱ መሬት ላይ አይረፍ፤ መሬት ላይ ያረፈ ሰንሰለት በድንጋይ ይቀጠቀጣል። የጓጉንቸሩ አፍ ወደ ታች ይሁን። በክረምት ዝናብም አይገባበትም። ማንሻውን አውጥቶ በአለን ቁልፍ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ) በሚፈታ ዘንግ መተካትም ይቻላል። እኔ የኋላውን እንዲህ አድርጌዋለሁ። የፊቱን ግን ለባጃጁ ስል ትቼዋለሁ።

እርግጥ ገበያ ስንሄድ አብዛኞቻችን የምንተማመነው በሰንሰለቱ ሳይሆን በሰው ነው። "ወንድሜ፣ አደራ፣ አንዴ እያት" ብሎ ለጥበቃው ወይም ለሊስትሮው መስጠት ይሠራል። ቢሆንም አደራ ተቀባዩም ሻይ ይጠጣልና ቆልፋችሁ ስጡት። ለጥምቀት ሰሞን ግን ወደ ፋሲለደስ መዋኛ በእግራችሁ ሂዱ። በዚያ ሕዝብ መሃል ብስክሌት መግፋትም አይቻል፣ ማቆምም አይቻል።

ስትመለሱ ደግሞ ሰንሰለቱን ፈትታችሁ ወዲያው አትውጡ። መጀመሪያ ጎንበስ ብላችሁ ማንሻውን በመዳፋችሁ ግፉት። የሚከፈት የሚዘጋ ነገር ልጆችን ደስ ይላቸዋል። እኔ ቆልፌ ከሄድሁበት ስመለስ ሁለት ጊዜ ተከፍቶ አግኝቼዋለሁ።